ከስቴንስል እስከ ቴሌግራም፦ የሕክምና ተማሪዎቻችን ዕውቀት የፈለጉባቸው መንገዶች



ዛሬ አንድ ኢንተርን በጋውኑ ኪስ የሚይዛት ስልክ፣ የሕክምና ፋኩልቲያችን በ1964 ሲከፈት ከነበረው ቤተ መጻሕፍት የበለጠ ጽሑፍ ታስነብባለች። ይህን እያሰብን ብዙዎቻችን «የዛሬ ልጆች ምን ጎደላቸው?» ማለት ይቃጣናል። ልጆቹን ቀረብ ብሎ ለጠየቀ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። «የቱን ልመን? ከየት ልጀምር? ከተመረቅሁ በኋላስ ወዴት ልሂድ?» ይላሉ። መረጃው ሞልቷል፤ የጠፋው መንገዱን የሚያሳይ ሰው ነው።

ይህ ጥያቄ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ላለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ የአገራችን የሕክምና ተማሪ ዕውቀትን የፈለገባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ብናያቸው፣ አዲስ በር በተከፈተ ቁጥር ሁለት ነገሮች ወሳኝ ሆነው እናገኛቸዋለን። አንደኛው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው፤ ሁለተኛው ተማሪውን እጁን ይዞ የሚያስገባው ማን እንደሆነ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ታሪክ አጭር ቅኝት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማባዣ ማሽኑ ዘመን

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም በአገራችን ሐኪም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም። ኮሌጁ የመጣው በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። ዓላማውም ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ነበር። ሐኪም መሆን የፈለገ ወጣት ቤይሩት ወይም አውሮፓ ተሻግሮ ይማር ነበር። በ1964 የሕክምና ፋኩልቲው አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ያ መንገድ በአገር ውስጥ ተጀመረ። በ1978 ደግሞ ጎንደር ላይ፣ በላይፕሲግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ ሁለተኛው የሕክምና ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። ጅማም በ1980ዎቹ ተከተለ።

በእነዚያ ዓመታት መጽሐፍ ብርቅ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ አዲስ እትም አይገባም፤ ከገባም ከታተመ ከዓመታት በኋላ ነው። አንዱ ቅጂ በሪዘርቭ ክፍል ተቀምጦ በሰዓት ይዋሳል፤ ከኋላ ወረፋ አለ። ስለዚህ መምህራኑ ማስታወሻቸውን በስቴንስል ላይ በታይፕ እያስመቱ በማባዣ ማሽን ያባዙልን ነበር። «ሃንዳውት» የምንለው ነገር የተወለደው እንደዚህ ነው። ታላላቆቻችን ቀለሙ በጣታቸው ላይ ይቀር እንደነበር አሁንም ሲያወሩ ትሰማላችሁ። ሃንዳውቱ ከባች ወደ ባች ይተላለፋል፤ ሲተላለፍም በዳር በዳሩ የሲኒየሩ እጅ ጽሑፍ አለበት፤ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል»፣ «ዶክተር ይህን አልተቀበሉትም»፣ «ዎርድ ላይ እንዲህ አይደለም»። እንግዲህ ተማሪው ወረቀቱን ብቻ አልነበረም የሚረከበው፤ ከወረቀቱ ጋር የቀደመውን ሰው ምክርም ይረከብ ነበር።

በዚያው ዘመን ከውጭ መቀበል ብቻ ሳይሆን ከዚህ መጻፍም ነበር። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል በ1962 መታተም ጀመረ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሽታው ጥገኛ ተሸካሚዎች ስለሆኑ ነገሩ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያ ዘገባቸው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1965፣ በዚሁ በእኛው ጆርናል ላይ ወጣ። በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ይህን የማነሣው ለኩራት ብቻ አይደለም። በታይፕና በስቴንስል ዘመን ይህን ያህል መጻፍ ከተቻለ፣ በኢንተርኔት ዘመን አንባቢ ብቻ ሆነን የምንቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? ወደዚህ ጥያቄ በኋላ እመለሳለሁ።

ሰማይ ላይ የሚያልፈው ፖስተኛ

ብዙ ሰው ኢንተርኔት ለሕክምና የደረሰው ከሁሉም በኋላ ይመስለዋል። እንዲያውም በአፍሪካ ከቀደሙት አንዱ ሕክምናው ነው። አሜሪካዊው የልብ ሐኪም በርናርድ ላውን፣ የኑክሌር ጦርነትን ለመከላከል የሐኪሞችን ዓለም አቀፍ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ ማኅበሩም በ1985 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። እኚሁ ሰው በ1980ዎቹ «ሳተላይፍ» የሚባል ድርጅት መሠረቱ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አንዲት ትንሽ ሳተላይት መሬትን ስትዞር በቀን ጥቂት ጊዜ በአንድ አገር ላይ ታልፋለች። ስታልፍ ከታች ያለው ጣቢያ ጥያቄውን ይልክላታል፣ የመጣለትንም ደብዳቤ ይቀበላታል። ዛሬ የጠየቅኸው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይመለስልሃል። ስልክ በማይደርስበት ሆስፒታል ላለ ሐኪም ይህ ተአምር ነበር ማለት ይቻላል።

በአገራችን ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል የተጀመረው በ1997 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት «ፐብሜድ»ን ለዓለም ሁሉ በነጻ ከፈተው። የእኔ ትውልድ የሕክምና ትምህርት ቤት የገባው በዚህ ሰሞን ነው። ታዲያ በነጻ ተከፈተ ማለት ተማሪው እጅ ገባ ማለት አልነበረም። ኢንተርኔት ካፌ ገብተን በደቂቃ ሒሳብ እየከፈልን፣ ገጹ እስኪከፈት ሰዓታችንን እያየን እንጠብቃለን። ለሴት ተማሪ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረበት። ካፌው ረከስ የሚለውና የሚፈጥነው ማታ ነው፤ ማታ ከዶርም ወጥቶ መመለስ ግን ለሁላችንም እኩል አልነበረም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገኘው የጽሑፉ አጭር መግለጫ ብቻ ነው። ሙሉውን ለማንበብ በዶላር ክፈሉ ይላል። በዚያን ጊዜ ዶላር የሚከፍል ካርድ የነበረው ተማሪ ካለ እኔ አላውቀውም። ስለዚህ ባነበብነው አጭር መግለጫ ላይ ሴሚናር እናቀርብ ነበር።

ሂናሪ፦ በሩ ሲከፈት ቁልፉ የት ነበር?

በጥር 2002 የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ «ሂናሪ» የሚባለውን አገልግሎት ጀመረ። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ የጤና ተቋማት ጆርናሎችን በነጻ እንዲያነቡ የሚያደርግ ነው። የአንድ ሰው አማካይ ዓመታዊ ገቢ ከ1000 ዶላር በታች በሆነባቸው አገሮች ምንም አይከፈልም ነበር፤ አገራችንም በዚሁ ምድብ ነበረች። ሲጀመር ወደ 1500 ጆርናሎች ነበሩበት፤ ከዚያ በኋላ እያደገ ሄዶ ዛሬ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በሚባለው ሰፊ መርሐ ግብር ውስጥ ይገኛል።

ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የለንደን ተማሪ በሚያነብበት ሳምንት እኛም ማንበብ ቻልን። ነገር ግን አገልግሎቱ የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይደለም። ተቋሙ ይመዘገባል፣ አንድ የተጠቃሚ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ ያንን ለሠራተኛውና ለተማሪው ማዳረስ የተቋሙ ፈንታ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያስፈልገው። ስሙን በማልጠራው በአንድ ሆስፒታል ስሠራ፣ የይለፍ ቃሉ በአንድ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ በወረቀት ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ኃላፊው ሲዛወር ወረቀቱም አብሮ ጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልተጠቀመም። ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። የይለፍ ቃሉን በየዎርዱ እየዞሩ ለሪዚደንቶች ያስረዳሉ፣ አዲስ ኢንተርን በመጣ ቁጥር ግማሽ ሰዓት ወስደው አፈላለጉን ያስተምራሉ። አገልግሎቱ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ሁለቱን የለየው አንድ ትጉ ሰው ብቻ ነው።

ሌላም ትምህርት ከዚሁ ይወሰዳል። በጥር 2011 አንዳንድ አሳታሚዎች ከ2500 በላይ ጆርናሎችን ከባንግላዴሽ ተቋማት ላይ ድንገት አነሡ። እዚያ ያሉ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ጮኹ፣ የዓለም የሕክምና ጆርናሎችም ጉዳዩን አነሡት፣ ከዚያም አሳታሚዎቹ መልሰው ከፈቱላቸው። ነገሩ በሰላም አለቀ። ሆኖም በሌላ ሰው በጎ ፈቃድ የተከፈተ በር በዚያው ሰው ፈቃድ ሊዘጋ እንደሚችል ለሁላችንም አሳየ።

መምህሮቻችን የጻፏቸው

ከሁሉም መንገዶች ውስጥ ብዙ የማይወራለት፣ በእኔ ዕይታ ግን ትልቁን ቦታ ሊይዝ የሚገባው አንድ ሥራ አለ። በ1997 የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች ከካርተር ማዕከል ጋር ሆነው የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና ተነሣሽነትን ጀመሩ። ያኔ መንግሥት በርካታ ጤና ጣቢያዎችን እየከፈተ ስለነበር ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችን፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በብዛት ማሠልጠን ግድ ሆኖ ነበር። መጽሐፍ ግን አልነበረም። የነበረውም ለሌላ አገር በሽታና ለሌላ አገር ጤና ጣቢያ የተጻፈ ነው።

መፍትሔው ጸሐፊዎችን ከውጭ ማስመጣት አልነበረም። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ፣ ከሐረማያና ከሌሎች ተቋማት የተውጣጡ መምህራን ተቀምጠው የራሳቸውን ማስታወሻ ጻፉ፣ እርስ በርስ ተራረሙ፣ ክፍል ውስጥ ሞከሩት፣ ከዚያ አሳተሙት። ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ለየትምህርቱ የተዘጋጀ የሌክቸር ማስታወሻ ነው፤ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኤፒዴሚዮሎጂ፣ የአካባቢ ጤና፣ የሥነ አእምሮ ነርሲንግ ወዘተ። ሌላው ሞጁል ይባላል። አንድ በሽታ፣ ወባ ወይም ተቅማጥ ወይም ሳንባ ነቀርሳ፣ ይወሰድና ሁሉም የጤና ጣቢያ ሠራተኞች በጋራ የሚያነቡት ክፍል ይዘጋጅለታል። ከዚያ ለጤና መኮንኑ፣ ለነርሷ፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያው ለየብቻ የሚሆን ክፍል ይጨመርበታል። ጤና ጣቢያ ላይ ሥራው በቡድን ስለሆነ ትምህርቱም በቡድን እንዲሆን ታስቦ ነው።

ከታተመ በኋላ ደግሞ በኢንተርኔት ላይ በነጻ ተቀመጠ። ማንም ያወርደዋል፣ ያትመዋል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ያባዛዋል። የይለፍ ቃል የለበትም። በ2010 መርሐ ግብሩ ወደ መንግሥት ሲዛወርም ጽሑፎቹ ሥራቸውን አላቆሙም። ከዓመታት በኋላ ወረዳ ሆስፒታል ውስጥ በሠራሁባቸው ጊዜያት፣ በጤና መኮንኖች ጠረጴዛ ላይ ጠርዛቸው ተበልቶ አግኝቻቸዋለሁ። አንዳንዱ መረጃቸው ዛሬ አርጅቷል፤ የወባ መድኃኒቱ እንኳ ተቀይሯል። እርጅናቸውን የሚያድስ ደግሞ የጻፋቸው ትውልድ ወይም የእሱ ተተኪ መሆን ነበረበት። እዚህ ላይ ክፍተት አለብን።

ብዙ ተማሪ፣ ጥቂት መምህር

ከ2007 ወዲህ የሕክምና ትምህርት መልክ ተለወጠ። በዚያ ዓመት የቅዱስ ጳውሎስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ2012 ደግሞ በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ በሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተማሪዎች በሚቀበል አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ጀመሩ። በየዓመቱ የሚገባው ተማሪ በጥቂት መቶዎች ይቆጠር የነበረው በሺዎች ሆነ። ለአገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋታል፤ እርምጃው ምክንያት ነበረው። የመምህሩ ቁጥር ግን በዚያው ልክ አላደገም። በእኛ ጊዜ አንድ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ ስድስት ሰባት ሆነን እንቆም ነበር፤ አሁን ሃያ ሰው ሲቆም ማየት የተለመደ ነው። ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ቴክኖሎጂው ገባ። በ2010 የአሜሪካ መንግሥት ለአፍሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የአምስት ዓመት ድጋፍ ሲጀምር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተካተቱት አንዱ ሆነ፤ ሐዋሳና ሐረማያም አብረው ነበሩ። የኮምፒዩተር ክፍሎችና የኤሌክትሮኒክ ትምህርት መሣሪያዎች በዚህ መጡ። በሌላ በኩል የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው «ኢግራነሪ» የሚባል ዘዴ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን በፈቃድ ገልብጦ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ በመጫን፣ ኢንተርኔት ለሌለው ዩኒቨርሲቲ ይልካል። ተማሪው ያለ ኢንተርኔት በግቢው ውስጥ ያነባል። ስሙም ጎተራ እንደማለት ነው፤ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ።

ከዓለም የመጣውም ቀላል አይደለም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ትምህርቶቹን በነጻ ሊለቅ መወሰኑን በ2001 አስታወቀ። ሳልማን ካን ለአክስቱ ልጅ ሒሳብ ለማስረዳት የጀመረው ነገር በ2008 ካን አካዳሚ ሆነ። በ2012 ኮርሴራና ኤዴክስ ተከተሉ። በአገራችንም በሐምሌ 2024 አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን የኮዲንግ ትምህርት በኢንተርኔት ለማስተማር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው መርሐ ግብር አለ። ወጣቱ ከሕክምና ውጭም ሙያ እንዲጨምር የሚያስችል ነው፤ የማውቃቸው ወጣት ሐኪሞችም የመረጃ ትንተና ለመማር ተመዝግበውበታል።

ነገር ግን የሕክምና ተማሪው እውነተኛ ቤተ መጻሕፍት የትኛው እንደሆነ ብትጠይቁኝ ቴሌግራም ነው። መጽሐፉ፣ የሌክቸሩ ስላይድ፣ ያለፈው ፈተና፣ የሪዚደንሲ ማስታወቂያ፣ ክፍት የሥራ ቦታ፣ የስኮላርሺፕ ዜና፤ ሁሉም እዚያ ነው። ከባች ወደ ባች ይተላለፍ የነበረው ሃንዳውት ዛሬ በአንድ ጠቅታ አሥር ሺህ ሰው ጋ ይደርሳል። ወረዳ ላይ ብቻዋን ተረኛ የሆነች ወጣት ሐኪም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመድኃኒት መጠን ታጣራበታለች፤ ማታ መውጣት ሳያስፈልጋት። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ እኛ አላገኘነውም።

የጎደለው ደግሞ በዳር በዳሩ ይጻፍ የነበረው የሲኒየሩ ምክር ነው። አሮጌውና አዲሱ እትም ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ የትኛው እንደተሻረ የሚናገር የለም። የተሳሳተ የፈተና መልስ ከትክክለኛው ጎን ይሰራጫል። «ውጭ አገር እናስቀጥራለን» የሚል አጭበርባሪም በዚያው ሰልፍ ውስጥ ይገባል። ገንዘባቸውን ከፍለው የቀሩ ወጣት ባለሙያዎችን አውቃለሁ።

መብራቱ ሲጠፋ

ታሪክ ከሆነ የሆነውን ሁሉ መጻፍ ነው። በ2016 የመልቀቂያ ፈተና ቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ በሐምሌ በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተዘጉ፤ በ2017 በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። በመጋቢት 2020 ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ «በኢንተርኔት ተማሩ» ተባለ። ግን ተማሪው የተበተነው ወደ ገጠር ቤተሰቡ ነው፤ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ ላይ የሚወጣ ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በመላ አገሪቱ ጠፋ። ትግራይ ውስጥ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ግንኙነት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ቆየ፤ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልነበረም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2023 ደግሞ ቴሌግራምና ዩቲዩብን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተዘግተው ነበር።

ፖለቲካውን ለሌላ ልተወው። ከሕክምና ትምህርት አንጻር ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ቤተ መጻሕፍቱን በሙሉ ወደ ስልክ ያዛወረ ተማሪ፣ ስልኩ ዝም ሲል ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋበት ማለት ነው። በእነዚያ ወራት ሥራቸው ያልተቋረጠው በሃርድ ዲስክና በፍላሽ ቀድመው ያስቀመጡ፣ አጠገባቸውም የሚጠይቁት ሲኒየር የነበራቸው ናቸው። ጎተራ ያለው ገበሬ ክረምቱን ያልፋል።

ለማን በሽታ ነው የምንማረው?

አሁን ቀድሞ ወደ ተውኩት ጥያቄ ልመለስ። ዛሬ ወጣት ሐኪሞቻችን በብዛት የሚያጠኑባቸው የጥያቄ ባንኮችና ቪዲዮዎች የተዘጋጁት ለአሜሪካ የፈቃድ ፈተና ነው። በጥራታቸው የሚነቀፉ አይደሉም። ግን አንድ ተማሪ በአሜሪካ በመዥገር ስለሚተላለፈው የላይም በሽታ ሦስት ዓይነት ምልክት በቃሉ ሲነግራችሁ፣ ከመተማና ከሑመራ ቆላ የመጣውን የቀን ሠራተኛ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና ክሳት አይቶ ካላ አዛርን ሳያስብ ሊያልፍ ይችላል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሆና የልቧ ቫልቭ በሩማቲክ የተጎዳባትን ልጅ፣ እግሩ በቀይ አፈር ምክንያት ያበጠውን ገበሬ፣ ያ የጥያቄ ባንክ በቅጡ አያውቃቸውም። ሐኪሙ ስልኩ የነገረውን ያውቃል፤ ስልኩ ስለ እኛ በሽተኛ የሚነግረው ጥቂት ነው። ያልነገረው ደግሞ እኛ ስላልጻፍነው ነው።

የሙያ ጉዞውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ሐኪሞች አሉን፤ በእኛ ጊዜ የማይታሰብ ነገር ነበር። እነዚህ ልጆች በኢንተርኔት የሚያገኙት የሙያ ምክር በአብዛኛው አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳያል፦ መውጫውን። መሄድ ነውር አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች ሄደዋል፣ ተምረዋል፣ ለአገርም ተርፈዋል። ነገር ግን አንድ ወጣት ሊሄድ ሲወስን ሌሎቹን መንገዶችም አይቶ ቢሆን መልካም ነው። በሕዝብ ጤና፣ በምርምር፣ በላቦራቶሪ፣ በጤና መረጃ ሥራ፣ በወረዳ ሆስፒታል አመራር የሠሩ የዚህ ማኅበር አባላት ሞልተዋል። የእነሱን የሕይወት መንገድ በየትኛው ቻናል ያገኘዋል?

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከታሪኩ ሦስት ነገር ማውጣት ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ እንጻፍ። በ1997 መምህራን ተቀምጠው ማስታወሻ እንዳዘጋጁት ሁሉ፣ እያንዳንዱ ባች ከራሱ መካከል ጥቂት ሰው መርጦ በየሙያው አሥር አሥር የበሽተኛ ጉዳዮችን ቢጽፍ፣ የበሽተኛው ማንነት ተደብቆና ፈቃዱ ተጠይቆ፣ በነጻና ያለ ይለፍ ቃል ቢቀመጥ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የራሳችን የጥያቄ ባንክ ይኖረናል። ለመምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። እንዲህ ዓይነቱ የማስተማሪያ ሥራ በማዕረግ ዕድገት ጊዜ እንደ ምርምር ጽሑፍ ክብደት ቢሰጠው፣ የሚጽፍ አይጠፋም። የተጻፈውንም በየሁለት ዓመቱ የሚያድስ ሰው በስም ይመደብለት። ያለዚያ እንደ ቀድሞዎቹ ማስታወሻዎች ያረጃል።

ሁለተኛ፣ ጎተራ ይኑረን። በየትምህርት ክፍሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂ ማስቀመጥ ዛሬ ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ኃላፊ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ማደስ፤ በቃ። የማኅበራችን መዋጮ ለዚህ ቢውል በሚቀጥለው መቋረጥ ጊዜ ተማሪው ባዶ እጁን አይቀርም።

ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግን ከሁሉም ይከብዳል። እንገኝ። ማኅበራችን የአባላት ዝርዝር አለው። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ በወር አንድ ሰዓት ለአንድ ወጣት ሐኪም መስጠት የሚችል ሰው ስሙን ያስመዝግብ፤ ሙያውን፣ ያለበትን አገር፣ የሚመቸውን ሰዓት ይጻፍ። ዋሽንግተን ያለው በእሱ ማታ፣ ጅማ ያለችው በእሷ ጠዋት። ሲቪ ማየት፣ የምርምር ሐሳብ ማረም፣ «ይሄኛው ማስታወቂያ የአጭበርባሪ ነው» ብሎ ማስጠንቀቅ፣ ወይም ዝም ብሎ ማዳመጥ። በየዎርዱ እየዞሩ የይለፍ ቃል ያስተምሩ የነበሩት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ያደረጉት ከዚህ የበለጠ አልነበረም፤ በእሳቸው እጅ ግን ብዙ ሐኪም ማንበብ ተምሯል።

የምዝገባው ቅጽ በዘንድሮው መገናኛችን ዕለት በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ለአዘጋጅ ኮሚቴው ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ምሳ ከመቀመጣችን በፊት እንሙላው፤ ከምሳ በኋላ ወሬው አያስጽፈንም። ለታላላቆቻችን ረዥም ዕድሜና ጤና፣ ለታናናሾቻችን መልካም የሥራ ዘመን እመኛለሁ።